ስለ ስኳር በሽታና ስለ ዕለታዊ ኑሮ ሥርዐት

ሕዝቡ ለዚህ ሕማም «የስኳር በሽታ» የሚል ስም መስጠቱ ብዙ ሰዎችን አሳስቷቸዋል። ስኳር የማይቀምስ አይታመምም፥ ስኳርን የተወም ድኗል ብለው የሚያስቡ አሉና። በ1946 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከደጇ የተተከለባት አዳማ፥ ከርሷም ወደ ቆላው ዝቅ ሲሉ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ በሚታይበት አገር ይህ አሳብ ቢገኝ አያስደንቅም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ሲያቆም፥ ወይም የመነጨው ኢንሱሊን ሥራውን ለመሥራት ሲሳነው፥ ከምግብ የተገኘው ስኳር ወደ ሰውነት ሳይገባ በደም ውስጥ ይከማቻል። ከእንጀራ፥ ከዳቦ፥ ከመኰሮኒና ከድንች የሚገኘውም በመጨረሻ ስኳር ሆኖ ወደ ደም የሚገባ ነው። ስለዚህ ከሻዩ ላይ ስኳሩን ከልክሎ እንጀራውን ያለ ልክ የሚበላ ሰው፥ የፊቱን በር ዘግቶ የኋላውን ከፍቶ እንደ ተወ ነው።

ኢንሱሊን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1922 በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ እስኪሰጥ ድረስ፥ ኢንሱሊን ፈጽሞ የጐደለው ልጅ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ ያ ልጅ አድጎ ሊያገባ፥ ሊሾም፥ ሊቀድስም ይችላል። ነገር ግን ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ቀን ነው። በቀሩት ቀኖች ላይ የሚያዝዙት ሌሎች ናቸው። ወጡን የምትሠራው የቤት እመቤት፥ የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው አለቃ፥ ጾሙን የሚያስጠብቀው የንስሐ አባት፥ እነዚህ ሳያውቁት በበሽታው ላይ ከሐኪሙ የሚበልጥ ሥልጣን ይዘዋል።

ከነዚህ ሁሉ የንስሐ አባት ነገር ከባድ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በዓመት የሚጾመው ቀን ከ180 ይበልጣል፤ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይበላ የሚቈይ ብዙ ነው። መርፌውን ወስዶ እህል ሳይቀምስ የሚቈይ ሕመምተኛ በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ነገሩ ይምታታበታል፥ በመጨረሻም ይወድቃል። እንዲህ ያለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲወድቅ ጋኔን የያዘው፥ በመንገድ ሲንገዳገድ የሰከረ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አፉን ከፍቶ መዋጥ ከቻለ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወዲያው ማጠጣት ሕይወቱን ያድናል፤ ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ማፋጠን ነው። የወንጂ ስኳር ለዚህ በሽተኛ መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓትም አለ ማለት ነው።

በጾም ሕግ የታመመ ሰው ነገር ሳይታሰብ አልቀረም፤ የሥጋ ድካም ያገኘው እንደማይገደድ ሊቃውንቱ ያውቁታል። በእስልምናም ታማሚ በረመዳን አፍጥሮ ሌላ ቀን እንዲከፍል፥ ይህ የማይቻለውም ድኻ እንዲያበላ ተፈቅዶለታል። ችግሩ ሕጉ አለመኖሩ ሳይሆን፥ ሕመምተኛው ሳይጠይቅ መቅረቱ ነው። ማፈሩ ይከለክለዋል። ስለዚህ ካህኑ አስቀድሞ ቢጠይቀው የተሻለ ነው። የሚጾሙትም ቢሆኑ የመርፌውና የኪኒኑ ልክ ከጾሙ በፊት በሐኪም መታየት አለበት። ደግሞም የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰና በእንጀራ የተደራረበ ማዕድ ከፍስኩ አይሻልም። ምስሩና ጎመኑ በዝቶ እንጀራው ቢያንስ መልካም ነው፤ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያበቅሉት የመቂና የባቱ ሰዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ጠበልም መናገር ያስፈልጋል። ወደ ጠበል ሲሄዱ መርፌያቸውን የሚጥሉ አሉ። ኢንሱሊን ፈጽሞ የሌለው ሰው መርፌውን ቢተው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በ1999 ዓ. ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ተናግረው ነበር፤ ያ ቃል ለስኳር ሕመምተኛም እንዳይነገር የሚከለክል ነገር የለም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በሽታው ሲቈይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፤ እሳት ቢያቃጥለው፥ እሾህ ቢወጋው አይሰማውም። ጫማ አውልቆ በቅጽር የሚቆም ምእመን፥ በመተሐራና በአዋሽ ፀሐይ የጋለውን ድንጋይ ረግጦ ቆዳው ሲላጥ ሳያውቅ ቅዳሴውን ይፈጽማል። ቍስሉ ሳይታይ ይሰነብትና እግር እስከ መቍረጥ ያደርሳል። ንጹሕ ካልሲ ማድረግና ማታ ማታ እግርን በብርሃን መመርመር ይረዳል።

ወደ ሹማምንቱ ሲመለሱ፥ አዳማ የጂቡቲ መንገድ ከተማ ናት። ከባድ መኪና የሚነዳ ሕመምተኛ ምሳውን ሳይበላ ቢያልፍ ጉዳቱ በርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። በጽሕፈት ቤትም ቢሆን በስብሰባ መካከል ጥቂት ምግብ ለመቅመስ የሚወጣን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ የሚቈጥር አለቃ የሰውን ሕይወት በእጁ ይዟል። ሰፈር ለሰፈር በባጃጅ መሄድ በተለመደበት ከተማ ደግሞ፥ ሠራተኛው በእግሩ እንዲሄድ የሚያበረታታ አለቃ ብዙ ሰው ከበሽታው ይጠብቃል።

የቀረው ሙቀቱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አራት ሳምንት ያህል ይቈያል። በመተሐራና በአዋሽ በበጋ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋልና፥ ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት፥ ወይም መብራት ሲጠፋ፥ መድኃኒቱ መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉን ያጣል፤ ሕመምተኛውም በትክክል እየተወጋ ይታመማል። ለዚህ በሴቶች እጅ ከሚሠራው ሸክላ የሚሻል ርዳታ በድኻ ቤት አይገኝም። አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስገብቶ፥ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፥ አሸዋውን ጧትና ማታ በውሃ ማርጠብ፥ ብልቃጡንም ውሃ እንዳይነካው በደረቅ ዕቃ አድርጎ በውስጠኛው ማስቀመጥ ነው። የየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ ማሰሮውም በየገበያው ይሸጣል።