ለኮርማ ዘር የምትጠይቁ፣ ለውሻ ለምን ዝም?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ስለ ውሻ ነው። «ደግሞ ስለ ውሻ ምን ይጻፋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ አንብቡኝና ከዚያ ተቆጡኝ።

በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ሻኛውን ትዳብሳላችሁ፣ አስኪዳችሁ አረማመዱን ትመለከታላችሁ። አውራ በግ ለርቢ ስታስቀሩ እናቱ መንታ ትወልድ እንደሆነ፣ ላቱ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለጊደርማ የእናቷን ወተት ሳትጠይቁ ብር አታወጡም። ታዲያ ሌሊት ጅብ አጥሩን ሲዞር ይህን ሁሉ ሀብት የምታምኑት ለማን ነው? ገበያ ዳር በካርቶን ለተገኘ፣ እናቱን ማንም ላላያት ቡችላ! ይሄ ነገር እኔን ያናድደኛል፤ እናንተንም ሊያናድዳችሁ ይገባል።

«ውሻ ውሻ ነው፣ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አይደለም። ከበግ ጋር እርጋታ ያለው፣ ጅብ ሲመጣ የማይሸሽ፣ ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ የማይናከስ ውሻ እንዲሁ ከሰማይ አይወርድም። ግማሹ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው ጠባይ ነው፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚማረው ነው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የምንል ሰዎች ለውሻ ጊዜ ይህን መርሳታችን ይገርመኛል።

ስለዚህ ቡችላ ስትፈልጉ መጀመሪያ ቡችላውን አትዩ። እናቲቱን እዩ። የት ነው የምታድረው? ጉሮኖ አጠገብ ከበጎች ጋር ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስራ? ግልገል ሲወለድ ምን ታደርጋለች? ባለቤቱ ስለ እሷ ሲያወራ «አንድ ሌሊት እንዲህ አድርጋ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። «ኧረ እሷ ዶሮ ትበላለች» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። አባትየው የሚታወቅ ከሆነ እሱንም እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይታወቅም። እንዲያውም ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ውሻዋ በምትፈልግበት ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይከተላታልና።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት ያለው። ቡችሎች ሲወለዱ ወንዶቹ ይታደላሉ፣ ሴቶቹ ይጣላሉ። «ሴት ውሻ ጣጣ ታመጣለች» ተብሎ በጆንያ ወንዝ ማዶ፣ ወይም ገበያ አጠገብ። ከተጣሉት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተረፉት ግን የት ይደርሳሉ? ቄራና የቆሻሻ መጣያ ዳር ያድጋሉ። ክትባት አያውቁም፣ የትል መድኃኒት አያውቁም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊወልዱ ይችላሉ። በኋላ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ «ቡችላ አገኘሁ» ብሎ የሚያመጣላችሁ የእነሱን ልጅ ነው። በግራ እጃችሁ የጣላችሁትን በቀኝ እጃችሁ መልሳችሁ ወደ ቤት እያስገባችሁ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ እንደሌለው ታውቃላችሁ።

ደግሞ ሴቷ አትጠብቅም ያለው ማነው? ከበግ ጋር ያደገች ሴት ውሻ እንደ ወንዱ ትጠብቃለች። ጣጣው የርቢው ነው፤ እሱም መላ አለው። ውሻ የምትፈልግበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ቤት ዝጉባት፣ ቀን ቀን ራሳችሁ ይዛችኋት ውጡ። የማምከን አገልግሎት በአቅራቢያችሁ ካለ ደግሞ ተጠቀሙበት። እንድትወልድ ከፈለጋችሁም ሁለት ዓመት ገደማ ይሙላት፤ ገና ራሷ ያላደገች ውሻ ጥሩ አታጠባም። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አታስወልዷት። ከወንድሟ፣ ከአባቷ፣ ከገዛ ልጇ እንዳትገናኝ ጠብቁ። በዘመድ መካከል የሚደረግ ርቢ በበግ ላይ የሚያደርሰውን አይታችኋል፤ ሲወለዱ የሚሞቱ፣ የማያድጉ፣ መንጋጋቸው የማይገጥም። በውሻም ያው ነው።

ከከተማ «ጀርመን» ብለው በውድ ዋጋ ስለሚሸጡላችሁ ቡችላ ደግሞ ልናገር። ጀርመን ሸፐርድ የስሙ ትርጉም የጀርመን እረኛ ማለት ነው። ዝርያው እንደ ፈረንጆቹ ከ1899 ጀምሮ ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ በተባለ ሰው መሪነት ሲመሠረት መለኪያው የበግ እረኝነት ሥራ ነበር፤ መልክ አልነበረም። በኋላ መልኩን ብቻ የሚመርጡ አርቢዎች መጡና ዛሬ ዝርያው በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይታወቃል። ችግሩም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሰው አገር በዚያ ሁሉ መዝገብና ምርመራ እንዲህ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ያለ ወረቀት የሚሸጥላችሁን ምን ብላችሁ ታምኑታላችሁ? ምግቡም ከደጋው ውሻ እጅግ ይበልጣል። እኔ ብጠየቅ ገንዘባችሁን ለክትባትና ለትል መድኃኒት አውሉት እላለሁ።

ስለ ትል ካነሳን በግ አርቢዎች ይህን በደንብ ስሙኝ። በጋችሁ አንገቱን አጣሞ ባንድ ወገን ሲዞር፣ ሲደናበር፣ ከመንጋው ሲቀር አይታችኋል፤ አዙሪት ትሉታላችሁ። አዙሪት የሚመጣው ከውሻ ነው። አዙሪት ያለበት በግ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። አንጎሉ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ እንደ ኮሶ ያለ ጠፍጣፋ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል፣ በጉ ከሳር ጋር ይበላዋል፣ እንደገና አንጎሉ ውስጥ ይቋጠራል። ውሻው ግን ምንም የታመመ አይመስልም! ስለዚህ የታመመውን በግ ጭንቅላት፣ እንዲሁም ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት፣ ለውሻ ከመስጠት አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ውሻችሁም የጠፍጣፋ ትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን፣ በክብደቱ ልክ በባለሙያ እንዲሰጠው አድርጉ። በተለይ ከሌላ ሰፈር የመጣ ውሻ ይህን ሳይወስድ ግጦሻችሁን አይርገጥ።

አሁን ቡችላው ጋ ደረስን። በወሩ አትውሰዱት። «ትንሽ ሲሆን ይለምዳል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ንክሻውን መመጠን የሚማረው እዚያ ነው፤ ያለ ጊዜው የተነጠለ ቡችላ አድጎ ልጅ የሚነክስ ሊሆን ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ከሆነ ጠግቦ አይደለም፣ ወስፋት ነው፤ ወስፋቱን ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ሊወስደው ይችላል። ድዱ ቀላ ያለ፣ ዓይኑ ንጹሕ፣ እምብርቱ ላይ እብጠት የሌለው ይሁን። እጃችሁን አጨብጭቡ፤ ደንግጦ ተመልሶ የሚመጣውን ውሰዱ፣ ጥግ ገብቶ የሚቀረውን ተዉት።

ቤት ስታደርሱት በር ላይ በሰንሰለት አትሰሩት። ጉሮኖው አጠገብ በጎቹን እያየ፣ እያሸተተ፣ ከረጋች እናት በግ አንዳንዴ እየተገፋ ይደግ። መጫወቻ ብሎ ግልገል ማሯሯጥ ሲጀምር ወዲያው ከልክሉት፤ በኋላ አይታረምም። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ቡችላውን የተረከባችሁበትንና የክትባቱን ቀን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡና ማስታወሻ ሙሉበት፤ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ስትሄዱም እናቲቱን የሰጣችሁን ጎረቤት ውሻዋን ይዞ አብሯችሁ እንዲመጣ ጥሩት።