የፈረሰ ቃል



መብት የጠየቀ ሁሉ «ገንጣይ» በሚባልበት በዚህ ጊዜ የኤርትራን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ሰንደቅ ዓላማ ነበራት። የሥራ ቋንቋዎቿም ትግርኛና ዐረብኛ ነበሩ። የንጉሡ መንግሥት ግን ቃሉን አልጠበቀም። ፓርቲዎች ታፈኑ፤ ቋንቋዎቹ በአማርኛ ተተኩ፤ ሰንደቅ ዓላማው ወረደ። አቤቱታ ሰሚ ሲያጣ እንደ ሙስሊም ሊጉ መሪ ኢብራሂም ሱልጣን ያሉት ተሰደዱ። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ጥይት ተተኮሰ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ጭራሽ ፈረሰ፤ ጦርነቱም ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ከጎንደር ሄደው የቀሩ ልጆች ስንት ናቸው! በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 99 በላይ የሆነው መራጭ ነጻነትን መረጠ።

አገር የከፈለው ራስን ማስተዳደር ሳይሆን እሱን መንፈግ ነው። እኛ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ አልን እንጂ እንገንጠል አላልንም። ምርጫው ግን በመስከረም 2005 ዓ.ም. በቀበሌ ተካሄደ። ውድ ጀማዓ፣ ጥያቄያችን በሰላምና በሶብር ይቀጥላል። መንግሥትም ቃል አማና መሆኑን አይርሳ፤ በጊዜው ያልተሰማ አቤቱታ የሚያስከፍለውን ይህች አገር አይታዋለች።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!