ሲሮጡ የተለካ ግፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሲሮጡ የተለካ ግፊት ግን በቀላሉ አይፈታም፤ ዕድሜ ልክ ኪኒን ያሸክማል።

በቀደም የአንዳችንን እናት ይዘን አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። ታክሲ ተጋፍተን፣ ካርድ ክፍል ተሰልፈን፣ ደረጃ ወጥተን ደረስን። እትዬ ገና ቁጭ ከማለታቸው ክንዳቸው በሹራባቸው ላይ ተጠመጠመ። «እማማ፣ ጨው ያበዛሉ?» «ኧረ ልጄ፣ እኔ እንኳን...» እያሉ ተለካ። 160 በ95! መድኃኒት ተጻፈ፤ ቀጣዩ ተጠራ። በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ማዕድ ቤት ውስጥ አዙሯቸው ወደቁ። ሌላ ሐኪም መድኃኒቱን አስቁመው፣ ከሳምንታት በኋላ አሳርፈው ደጋግመው ሲለኩ 131 በ79 ሆነ።

ነርሷን አንወቅስም፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አይተናል። የምንወቅሰው አሠራሩን ነው። ግፊት እንደ ቁመት ባለበት የሚቆም ነገር አይደለም። ሲያወሩ ይጨምራል፤ ሽንት ሲወጥር ይጨምራል፤ ክንድ ሳይደገፍ ሲንጠለጠል ይጨምራል። ነጭ ጋውን ሲያዩ ብቻ የሚጨምርባቸውም ሞልተዋል።

መላ የለውም እንዳይባል፣ ካናዳ ውስጥ በተራ የቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒኮች ተሞክሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 67 ክሊኒኮችንና 555 ታካሚዎችን ያቀፈ ነበር። ታካሚው ጸጥ ባለ ክፍል ብቻውን ይቀመጣል፤ ማሽኑ ራሱ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ያወጣል። በወትሮው አለካክ 150 ገደማ የነበረው የላይኛው ቁጥር በማሽኑ 136 ገደማ ሆነ። ለዚህም ነው በዚህ መንገድ ሲለካ ወሰኑ 140 በ90 ሳይሆን 135 በ85 ሆኖ የቆየው።

«ከማሽን ጆሮ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ታዲያ ጆሮ የሰማው ሁሉ 140፣ 150፣ 160 እየተባለ በዜሮ የሚያልቀው ለምንድነው? እርግጥ ማሽን ሁሉ ማሽን አይደለም። ትክክለኛነቱ ያልተፈተሸ ወይም ለክንዱ ውፍረት የማይመጥን መጠቅለያ ያለው ይዋሻል። የልብ ምቱ ለተዛባ ሰውም በእጅ መለካት አይቀርም።

«ጊዜ የለንም» የሚለው መልስ ደግሞ ያስቀናል። ማሽኑ ሲለካ እኮ ነርሷ ሌላ ታካሚ ማየት ትችላለች! የጠየቅነው አንድ ጥግ፣ አንድ መጋረጃ፣ መደገፊያ ያለው ወንበርና ክንድ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ነው።

በሽታውን እያቃለልን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 1.4 ቢሊዮን ሰው ግፊት አለበት፤ በቁጥጥር ሥር ያዋለው ከአምስቱ አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ኪኒን የጀመረ ሰው ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም፤ ስትሮክ ቀልድ አያውቅም። ግን ያልታመመውን እያሳመምን የታመመውን እናገኛለን ማለት ዘበት ነው።

እስከዚያው እናቶቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ አትፈሩ። «እህቴ፣ አምስት ደቂቃ ይረፉና ደግማችሁ ለኩልን» በሉ። አምስት ደቂቃ ነው፤ ኪኒኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው።