ወፍራም ላሜራ ሰውን አያድንም

በአዲስ አበባ የመኪና ወዳጆች ዘንድ፣ በጋራዥም ሆነ በሻጭና በገዢ ድርድር ላይ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይመረመር የኖረ አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም የድሮ መኪና ላሜራው ወፍራም፣ ፓራውልቱም ብረት ስለሆነ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን ያድናል፣ የአሁኑ መኪና ግን በቀላሉ የሚጨማደድ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ስለሆነ አይታመንም የሚል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለና በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ከበዙ ወዲህ ይህ ፍርድ አዲስ ጉልበት አግኝቷል። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሙግት የሚያበቃ ባልሆነ ነበር፤ ነገር ግን አንድ አባት ልጆቹን የሚያሳፍርበትን መኪና የሚመርጠው በዚህ ፍርድ እየተመራ በመሆኑ የስሕተቱ ዋጋ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው።

መኪና በተጋጨ ጊዜ የተሳፋሪውን ዕጣ የሚወስነው የመኪናው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ያ ፍጥነት ወደ ዜሮ እስኪወርድ ድረስ ሰውነቱ የሚያገኘው የመቆሚያ ርቀት ጭምር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የነበረ ሰው በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል ከገዛ ክብደቱ 100 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይኸው ርቀት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምለት ግን ኃይሉ ወደ 16 እጥፍ ይወርዳል። የመጀመሪያውን የሰው አካል አይችለውም፤ ሁለተኛውን በደህንነት ቀበቶ የታሰረ ጤነኛ ሰው ሊቋቋመው ይችላል። ተሳፋሪው ቀበቶውን አስሮ ከመኪናው ጋር አብሮ እስከቆመ ድረስ ያንን ተጨማሪ ርቀት የሚሰጠው በዋናነት የመኪናው አፍንጫ መጨማደድ ነው። እንግዲህ የመኪና ወዳጆች እንደ ነውር የሚቆጥሩት መጨማደድ መሐንዲሶች አስበውና አስልተው ያስገቡት መከላከያ ሆኖ ይገኛል። ሐሳቡን በመርሴዲስ ቤንዝ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ እ.ኤ.አ. በ1951 ለፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገበው ሲሆን፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው መኪና ላይ በተግባር አውሎታል፤ የፊትና የኋላ ክፍሎች እየተጨማደዱ የግጭቱን ኃይል እንዲውጡ፣ ሰው የሚቀመጥበት መካከለኛ ክፍል ግን ቅርጹን ሳይለቅ እንዲቆይ ማድረግ የንድፉ መሠረት ነው። በዛሬ መኪኖች ላይ ይህንን መካከለኛ ክፍል የሚሸከሙት ምሰሶዎች የሚሠሩት በድሮ መኪኖች ላይ ካለው ተራ ብረት እጅግ በሚጠነክር ልዩ ብረት ነው፤ የላሜራውን ውፍረት በጣት እያንኳኳ የሚፈትሽ ገዢ ይህንን አያየውም።

ክርክሩን በሙከራ የለየ ማስረጃም አለ። በአሜሪካ በመድን ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደረው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር፣ የ1959 ሥሪት የሆነውን ግዙፍ ሼቭሮሌት ቤል ኤር ከ2009ኙ ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር፣ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ፊት ለፊት አጋጭቷቸዋል። የአሮጌው መኪና የተሳፋሪ ክፍል ተደርምሶ መሪው ወደ ሾፌሩ የገባ ሲሆን፣ በሾፌሩ ቦታ የተቀመጠው የመለኪያ አሻንጉሊት ያሳየው ጉዳት በእውነተኛ ሰው ላይ ቢደርስ ለሞት የሚያበቃ ነበር፤ የአዲሱ መኪና ሾፌር ግን በእግሩ ላይ ከሚደርስ ጉዳት በቀር ይተርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ በሜክሲኮ በርካሽነቱና በአይበገሬነቱ ይወደድ የነበረው፣ ንድፉ ያረጀው ኒሳን ሱሩ ከዚያው ኩባንያ አዲስ መኪና ጋር ተጋጭቶ የደረሰበት ውድመት እጅግ ከባድ ሆኖ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ምርቱ ቆመ።

ይህ ሁሉ በይፋ እየታወቀ የድሮው ፍርድ ሳይናወጥ የቆየው ሰዎች የሚመዝኑት ከግጭት በኋላ መኪናው የሚገኝበትን ሁኔታ እንጂ በውስጡ የነበረውን ሰው ባለመሆኑ ነው። በቀስታ ተጋጭቶ ኮፈኑ ትንሽ ብቻ የተጎዳ አሮጌ ኮሮላ ባለቤቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ለዓመታት ምስክር ይሆንለታል፤ በዚያው ዓይነት መኪና በከባድ ግጭት የሞተው ሰው ግን ምስክርነቱን የሚሰጥበት ዕድል የለውም። የኪስም ምክንያት አለ፤ መለዋወጫ በሚወደድበት አገር በትንሽ ንክኪ የሚሰበር ፕላስቲክ ባለቤቱን ቢያስመርረው አያስወቅሰውም። አሮጌዎቹ ቶዮታዎች በኮረኮንች መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸውም የማይካድ ነው። ሆኖም ሞተርና ሻንሲ መበርከታቸው በግጭት ቅጽበት ስለሚሆነው ነገር ምንም አይናገርም።

ክብደትን በተመለከተ የድሮው ፍርድ በከፊል ትክክል ነው፤ ከባድ መኪና ከቀላል መኪና ጋር ሲጋጭ የከባዱ ተሳፋሪ ይጠቀማል፣ ይህ ጥቅም ግን ከሌላው ተሳፋሪ የተወሰደ ከመሆኑም በላይ ከግንብ ወይም ከሲኖትራክ ጋር ሲጋጩ አይገኝም። አዲስ የሆነ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። ላንድዊንድ የተባለው የቻይና መኪና እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን በተደረገ የግጭት ሙከራ ክፉኛ ሲወድቅ፣ ቢዋይዲ አቶ 3 የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ሙከራ ከፍተኛውን የአምስት ኮከብ ደረጃ አግኝቷል፤ ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው መኪናው ስላስመዘገበው የሙከራ ውጤት ነው። መልካም ውጤት ያገኘ መኪናም ቢሆን በጋራዥ ሊበላሽ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተጨማዶ በባቲላሜራ መዶሻ የተቃናና በስቱኮ የተሸፈነ የፊት ክፍል በሁለተኛው ግጭት እንደታሰበው አይጨማደድም፣ የፈነዳ ኤርባግ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ የተገጠመለት ዳሽቦርድም ገዢውን በሐሰት ያጽናናል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ጨርሶ የማይነሳው እግረኛው ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ሆነው ሳለ፣ ስለ መኪና ጥንካሬ የሚደረገው ወግ ሁሉ መኪናው ውስጥ ስለተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። የዘመኑ መኪና ፓራውልት ለስላሳ የሆነው የእግረኛውን ጉልበት እንዳይሰብር፣ በኮፈኑና በሞተሩ መካከል ክፍተት የሚተወውም ተመትቶ የሚወድቅበት ሰው ጭንቅላት ከጠንካራ ብረት ጋር በቀጥታ እንዳይጋጭ ነው። በላንድክሩዘርና በፒካፕ ፊት ላይ ለግርማ ሞገስ የሚበየደው የብረት አጥር ይህንን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል፤ በልጅ ደረትና ጭንቅላት ቁመት ላይ የማይታጠፍ ብረት ያስቀምጣል፣ የኤርባጉን መፈንጃ ጊዜም ሊያዛባ ይችላል። ከብት በሚበዛበት የገጠር መንገድ ለሚውል መኪና ምክንያት ሊገኝለት ቢችል እንኳ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ አደባባይ ለሚመላለስ የቤት መኪና ምንም ምክንያት የለውም፤ የመንገድ ደህንነትን የሚቆጣጠረው አካልም ለዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ከሚቀርቡ የከተማ መኪኖች ላይ አጥሩ እንዲነሳ ማድረግ አለበት።