ከምስክርነቱ በፊት ምስክሩ ይመርመር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መራዊ የደረሰ መንገደኛ፣ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራውን ግድብና ከእርሱ ወርዶ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተዘረጋውን ቦይ ሲያይ፣ በዚህ አገር የውኃ ነገር ከእንጀራ ነገር የማይለይ መሆኑን ያስተውላል። ስለዚህ ስለ ውኃው ክፍፍል የገበሬውን ሐሳብ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን የተጠየቀው ሰው በእርግጥ ገበሬ መሆኑ ሳይመረመር የተሰበሰበ ቃል፣ ብዛቱ እንደ ባሕር አሸዋ ቢሆን እንኳ፣ ምስክርነት ሊባል አይችልም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። በመራዊ ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በቴሌግራም የደረሰውን ሊንክ ከፍቶ መጠይቅ ይሞላ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «በመስኖ የሚያለሙ ገበሬ ነዎት?» የሚል ሲሆን፣ ከበላዩ ለጨረሰ ገበሬ የ50 ብር የስልክ ካርድ እንደሚላክለት ተጽፎበታል። ልጁ ባጃጅ ነጂ መሆኑን ስለማውቅ «አንተ መቼ አርሰህ ታውቃለህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ አይደለሁም ያልሁ እንደ ሆነ ይዘጋብኛል» ብሎ «አዎ» የሚለውን ነካ፤ ከዚያም ስለማያውቀው ቦይና ስላልተከለው ድንች እስከ መጨረሻው መለሰ። እኔ ግን ከልጁ ይልቅ የጠያቂውን ጥፋት አብዝቼ አየሁ፤ ዋጋውን በደጃፉ ሰቅሎ፣ ደጁን የሚያስከፍተውን ቃል ራሱ አስተምሮታልና።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 የተጻፈው የጌዴዎን ታሪክ ለዚህ ነገር ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። ምድያምን ለመውጋት 32 ሺህ ሰው በተሰበሰበለት ጊዜ፣ አስቀድሞ የፈራ ሁሉ እንዲመለስ በግልጥ ቢያሳውጅ 22 ሺህ ሰው ተመለሰ፤ እውነቱን በመግለጡ ማንም የሚያጣው ነገር ስላልነበረ ግልጡ ጥያቄ በቃ። የቀሩትን 10 ሺህ ግን ወደ ውኃ አውርዶ አጠጣጣቸውን ተመለከተ፤ ምልክቱም ለጌዴዎን ብቻ የተነገረ ስለ ነበር፣ 300ው ሰዎች በቃላቸው ሳይሆን በግብራቸው ተለዩ።

ዋጋ በተቆረጠበት መጠይቅም ሥርዓቱ ይኸው ሊሆን ይገባል። ማን እንደሚፈለግ አስቀድሞ አይነገር፤ ጥያቄውም «ገበሬ ነዎት?» በማለት ፈንታ «መተዳደሪያዎ የትኛው ነው?» ተብሎ፣ ንግዱ፣ ሹፍርናው፣ የመንግሥት ሥራውና እርሻው በእኩልነት ይዘርዘር። እርሻ ያለው ሰው ደግሞ ውኃ በስንት ቀን እንደሚደርሰው፣ ተራውንም ማን እንደሚያስይዝ ይጠየቅ፤ ቦዩ ዳር ያደረ ገበሬ ይህን ሳያስብ ይመልሰዋል፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ግን ይደናገራል። የማይመለከተውንም ሰው ግማሽ ሰዓት ካደከሙ በኋላ ማባረር ነውር ስለ ሆነ፣ ገና ከመነሻው አመስግኖ ማሰናበት ይገባል።

ይሁን እንጂ ወንፊቱ እንክርዳዱን ሲለይ ስንዴውን እንዳይጥል መጠንቀቅ ያሻል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ዘመን የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የስልክ ጥናት ሲጀምር፣ የደወለው በቀድሞ የቤት ለቤት ጥናት ስልካቸው ወደ ተመዘገበ ቤተሰቦች ነበር፤ በዚህም ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ታወቀ፤ ስልክ የሌለው የገጠር ቤተሰብ ግን ከጥሪው ውጭ ቀረ። በቆጋም መነሻው የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር መዝገብ ይሁን፤ ስልክ ለሌለውም ጠያቂ በእግሩ ይሂድለት።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለም። ባጃጅ ነጂው የሰጠው ቃል ተደምሮ ስለ ውኃው ተራ ውሳኔ ቢሰጥበት፣ ውኃ ዘግይቶ የሚደርሰው በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ሳይጠየቅ እንደ ተጠየቀ፣ ሳይናገር እንደ ተናገረ ይቆጠርበታል፤ በኋላ አቤት ቢልም «ቃልህን ሰጥተሃል» ይባላል።