ፊት የሌለው የሰው ምስል፦ ስለ ዳዊት አበበ «ባክግራውንድ» ሥራዎች

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥዕል ወግ ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ፊት ፍርድን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዳዊት አበበ ግን «ባክግራውንድ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ ጀርባቸውን ለተመልካች የሰጡ ሰዎችን ያቀርባል፤ ቀለሙንም ከተለጠፉ የጋዜጣና የጽሑፍ ቁራጮች ጋር ያዋሕዳል።

ፊት የሌለው ምስል ግለሰቡን ያጠፋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ጀርባው ይጠና» ሲባል የሚፈለገው የሰውየው ያለፈ ታሪክ ነው። የሠዓሊው ምርጫም ፍርዱን ከመልክ ወደ ታሪክ ያሻግራል፤ ማንነትን ለመረዳት የተለጠፈውን ማንበብ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ቁራጮቹን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መዝገብ ሰነድ ሊያጠኗቸው ይገባል፦ ጽሑፉ የማን ነው? መቼ ታተመ? የትኛውን መሥመር ቀለም ሸፈነው? ትውስታ በተገለጠው ብቻ ሳይሆን በተሸፈነውም ይሠራልና። ጥናቱ ሊዘገይ አይገባውም፤ የጋዜጣ ወረቀት አሲድነት ስላለው ከጊዜ ብዛት ይወይባል፣ ይሰባበራል። ጽሑፉ ሳይመዘገብ ከጠፋ ለቀጣዩ ተመራማሪ የሚቀረው ጀርባው እንጂ ታሪኩ አይሆንም።