ገጽ እየዘለሉ ስለ ማንበብ

አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ ስለ ደራጎን ከጻፋቸው ተከታታይ ልብ ወለዶች ሁለተኛው «ኤልደስት» ይባላል፤ የታተመውም በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። አንዳንድ አንባቢዎች ሳፊራ የተባለችውን ደራጎን ለማግኘት እየቸኰሉ፣ ስለ ገበሬው ስለ ሮራን የተጻፉትን ምዕራፎች ይዘልሏቸዋል። «የመንደር ሰው ወሬ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እኛ ግን ይህን አሳብ በብርቱ እንቃወማለን፤ የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ያለው በሚዘለሉት ገጾች ነውና።

የደራጎኗ ጌታ ኤራጎን በመጀመሪያው መጽሐፍ ድል ቢያደርግም ጀርባውን ክፉኛ ቈስሏል። በሁለተኛው ኤልፍ ወደተባሉት ሕዝቦች አገር ሄዶ፣ ከአረጋዊው መምህር ከኦሮሚስ ቋንቋን፣ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይማራል፤ ሕመሙ እየጣለውም በትምህርቱ ይጸናል። እስከዚህ ድረስ ደራሲውን እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በአንድ የበዓል ሌሊት ቍስሉ በአስማት ይድናል፤ ኀይሉም ከሰው ልክ ያልፋል። በድካም ሊገኝ የሚገባው ሁሉ እንዲህ በስጦታ ከታደለ፣ የመማር ዋጋው ምን ላይ ነው? በመጨረሻው ጦርነትም ሙርታግ በንጉሡ እጅ ሠልጥኖ በሚበልጥ ኀይል ይመጣና ያሸንፈዋል፤ የያዘውንም ሰይፍ ይወስድበታል። የተሰጠ ኀይል የበለጠ የተሰጠውን በገጠመ ጊዜ መውደቁ አይቀርም።

የአጎቱ ልጅ ሮራን ግን አስማትም ደራጎንም የለውም፤ ያለው መዶሻ ብቻ ነው። የንጉሡ ወታደሮች መንደሩን ባስጨነቁ፣ እጮኛውም በተማረከች ጊዜ፣ ፈሪውንና ተጠራጣሪውን በቃል አሳምኖ፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይቀር ተራራ አሻገረ። ከዚያም በመርከብ ባሕር ላይ ወጡ፤ የመርከቢቱም ስም «የደራጎን ክንፍ» ነበር! ሮራን ጻድቅ ነው አንልም፤ መርከቢቱ የተሰረቀች ናት፤ የገደላቸውም ሰዎች ኅሊናውን ያስጨንቁታል። ሆኖም ሁለቱን ከዳተኛ አስማተኞች በጦርነቱ ሜዳ የጣለው ይኸው የገበሬ መዶሻ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ይህን መጽሐፍ «ተረት ነው» ብላችሁ ከተማሪ እጅ አትንጠቁት፤ ይልቁንስ አንብቦ ሲጨርስ ስለ ሮራን ጠይቁት። እናንተም ተማሪዎች፣ ገጽ አትዝለሉ። ደራጎን በሰማይ ሲበር በአሳብ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመካከላችን ደራጎን የሚሰጠው ማንም የለም። መዶሻው ግን በያንዳንዳችን እጅ ነው።